ከቆጠራው የተዘለለችው አማረች፦ የመምህር ደሳለኝ ይበልጣል የሕይወት ታሪክ

መምህር ደሳለኝ ይበልጣል ግንቦት 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በስማዳ ወረዳ ኮሶ በር በተባለች መንደር ከአባታቸው ከመሪጌታ ይበልጣል አንዳርጌ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገነት ደምሴ ተወለዱ። መሪጌታ ይበልጣልን አቶ አንዳርጌ ወለዷቸው፤ አቶ አንዳርጌን ቄስ ማቴዎስ ወለዷቸው። ቄስ ማቴዎስ አንዳርጌን ከሚስታቸው፣ አማረችን ደግሞ በቤታቸው ታገለግል ከነበረች ሴት ወለዱ። አማረች የሚለው ስም በቤተሰባችን በአደባባይ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። መምህር ደሳለኝ አልጋ ላይ ሳሉ ያዘዙኝ ይህንኑ ነው፤ ዘመድ ሁሉ በሚሰበሰብበት በቀብራቸው ቀን ትውልዳቸው ሳይጎድል እንዲነበብ።

ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ህይወት ይበልጣል ነኝ። ትናንት ሽማግሌዎች መጥተው «የሞተ ይረፍ፤ አማረችን ተያት» ብለውኛል። የሟች ታሪክ የሚጻፈው ለማመስገን እንደሆነ አውቃለሁ። የሚመሰገኑበትን አልደብቅም፤ ያጠፉትንም አልደብቅም። ደብቆ መያዝ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ በዚህ ድንኳን ውስጥ የለም።

አባታችን መሪጌታ ይበልጣል የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነው ደብር ወደ ቤተ ልሔም ገብተው ድጓ ያስመሰከሩ ሊቅ ነበሩ። ከስማዳ እስከ እስቴ፣ ከዚያም እስከ ታች ጋይንት ያለው ሰው ግን ከድጓው ይልቅ በትውልድ ቆጠራ ነበር የሚያውቃቸው። በአገራችን እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። ሽማግሌ ተልኮ እሺታ ሲገኝ ሁለቱ ወገኖች እኛ ቤት ይመጣሉ። አባታችን የሴቲቱን ወገን በግራ እጃቸው፣ የወንዱን በቀኝ እጃቸው የጣት አንጓ ላይ እየቆጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ስም ከስም ካልገጠመ «አይገናኙም» ይላሉ፤ በቃ፣ ጠላ ይጠመቃል። ካህናቱም የሳቸውን ቃል ሳይሰሙ ተክሊል አያደርሱም ነበር። መምህር ደሳለኝ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከአባታችን ጎን እየተቀመጡ ስሞቹን በቃላቸው ይዘዋል። አባታችን መሐል ላይ ሲያስነጥሳቸው ቀጣዩን ስም የሚያቀብሉት እሳቸው ነበሩ።

ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ጾመ ድጓም ጀምረው ነበር። በ1973 ዓ.ም. ወገዳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ሁለተኛ ደረጃን የተማሩት ግን መካነ ኢየሱስ ነው። ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ኮሶ በር ድረስ በእግራቸው እየተመለሱ ስንቅ ይወስዱ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ መምህራቸው አተርን ከአተር በማዳቀል ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ አስተማሯቸው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አገር ቤት ሲመጡ እናታችንን እንኳ ሳይስሙ ቀጥታ አተር ማሳው ውስጥ ገብተው አበባ ሲቆጥሩ ዋሉ። እናታችን የጎረቤት ጥጃ የገባ መስሏቸው ድንጋይ ወርውረው ትከሻቸውን መቷቸዋል። ይህን ሲያወሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይስቁ ነበር።

ባሕር ዳር ለመምህርነት ሠልጥነው በ1987 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት በዲፕሎማ ተመረቁና አርብ ገበያ ተመደቡ። በ1989 ዓ.ም. ከወይዘሮ አዲስዓለም ካሴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ጽዮንን በ1991፣ ማቴዎስን በ1998 ዓ.ም. ወለዱ። ክረምት ክረምት እየተማሩ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ።

በእንግሊዝኛ የተጻፈው መጽሐፍ የገበሬውን ልጅ እንደሚያደናግረው ስላዩ ቃላቱን ወደ አማርኛ የሚፈቱበት ደብተር ጀመሩ። ደብተሩ እስኪሞቱ ድረስ አልተዘጋም፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቃል ይዟል። ዲ ኤን ኤን «በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ፣ በየሕዋሱ ውስጥ የሚገኝ መጽሐፍ» ብለው ፈተውታል። ጂን «ከመጽሐፉ አንዱ አንቀጽ፤ ሰውነት እሱን አንብቦ ፕሮቲን ይሠራል» ነው። ሚውቴሽንን «የገልባጭ ስሕተት፤ አንዳንዱ ምንም አያደርግም፣ አንዳንዱ ትርጉም ያጠፋል» ይላሉ። ፒ ሲ አር የሚባለውን «ከመጽሐፉ የምንፈልጋትን መስመር ብቻ ነጥሎ እልፍ ጊዜ የሚገለብጥ ማሽን»፣ ፕራይመርን ደግሞ «ማሽኑ ከየት እንደሚጀምር የሚያመለክተው መነሻ፤ መሪጌታ ለተማሪው የመጀመሪያዋን ቃል እንደሚሰጡት» ብለው ጽፈዋል። ይህን ደብተር ገልብጠው ተምረው ሐኪም የሆኑ አሉ። ዛሬም እዚህ ቆመው አያቸዋለሁ።

እኔ በ1992 ዓ.ም. ለእስቴው ተወላጅ ለአቶ አንተነህ መንግስቴ ታጨሁ። አባታችን ቆጠሩ፤ «አይገናኙም» አሉ። በ1993 ልመንህን፣ በ1996 ይርዳውን ወለድኩ። ልመንህ በአራት ዓመቱ መውደቅ ጀመረ። ሲነሣ መሬቱን በእጁ ይገፋና መዳፉን ጭኑ ላይ እየተከለ በገዛ ገላው ላይ ይወጣ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ መራመድ ተወ። ይርዳውም በዚያው መንገድ ሄደ። የዞርንበትን ጸበልና ሆስፒታል አልዘረዝርም። ሰው ቡዳ ነው አለ፣ እርግማን ነው አለ፤ ወንድሜ ብቻ የጡንቻ ሕመም ነው አሉ። ልመንህ በ2005፣ ይርዳው በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ሞቱ። ልመንህ አሥራ ሁለት፣ ይርዳው አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር።

መምህር ደሳለኝ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ቤተሰብ ትተው አዲስ አበባ የወረዱት ለማዕረግ አልነበረም። የልመንህ እግር ሲከዳው ስላዩ ነው። በ2003 ዓ.ም. በሞለኪውላር ባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው ባሕር ዳር በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። በዓመቱ መጥተው ከእኔ፣ ከአቶ አንተነህ፣ ከልጆቻችን፣ ከራሳቸውና ከጽዮን ደም ወሰዱ። ብልቃጦቹን በበረዶ ሣጥን አድርገው ጉልበታቸው ላይ ይዘው ከመካነ ኢየሱስ በደብረ ታቦር በኩል ባሕር ዳር ገቡ። የአውቶቡሱ ረዳት ሥጋ መስሎት ጣራ ላይ ካልተጫነ ብሎ ሲጨቃጨቃቸው፣ የእህቴ ልጆች ናቸው ብለውት ተዋቸው።

ከደሙ ዲ ኤን ኤውን ይለያሉ፤ ተሰብስቦ ሲታይ እንደ ቀጭን ነጭ ክር ነው። የፈለጉትን መስመር በማሽኑ ያባዛሉ፣ ጄል ውስጥ አድርገው በኤሌክትሪክ እየነዱ በቁመቱ ይለዩታል። ፊደል በፊደል የሚነበበው ግን ውጭ አገር ተልኮ ነው። የመጀመሪያው ናሙና መብራት ለአራት ቀን ጠፍቶ ተበላሸ። ሁለተኛውን ከላኩ በኋላ መልሱ የመጣው በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የሚድን ልጅ አልነበረኝም።

መልሱ ይህ ነው። ጡንቻን ደግፎ የሚይዘውን ፕሮቲን በሚያሠራው ጂን ላይ እኔም አቶ አንተነህም አንድ ፊደል ተሳስቶብናል። ሰው ጂኑን ከእናትም ከአባትም ስለሚወርስ፣ አንዱ ቅጂ ደኅና ከሆነ አይታመምም፤ ተሸካሚ ይባላል። ሁለት ተሸካሚ ሲጋቡ ከሁለቱም በኩል የተሳሳተውን የሚወርስ ልጅ ግን ይታመማል። ዕድሉ ከአራት አንድ ነው አሉኝ። ለእኔ ከሁለት ሁለት ደረሰኝ።

ወንድሜ ያልነገሩኝ ሌላ ነገርም ወረቀቱ ላይ ነበረ። የእኔና የአቶ አንተነህ ስሕተት አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ ከስሕተቱ ፊትና ኋላ ያለው ረጅም ጽሑፍም ፊደል በፊደል አንድ ነበር። ይህ የሚሆነው ሁለቱ ቅጂዎች ከአንድ ሰው፣ ያውም ከቅርብ ሰው የተገለበጡ እንደሆነ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥረናል።

ወረቀቱን ይዘው ብቻቸውን ኮሶ በር ሄዱ። አባታችን ያን ጊዜ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። እንዲህ አሏቸው፦ «ከሦስተኛው ቤት አንዲት ስም ዘልያለሁ። አባቴም ዘሎ ነው ያስተማረኝ። ቄስ ማቴዎስ ከሚስቱ ውጭ ወለደ ከተባለ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ያቆረበው፣ የዳረው ሁሉ ምን ሊሆን ነው? አንዲት ስም ምን ታደርጋለች ብዬ ነው፣ ልጄ።» አማረች በሕፃንነቷ ወደ እስቴ ተወስዳ በሰው ስም አደገች። እዚያ አግብታ አቶ መንግስቴንና እህቱን ወለደች። አቶ መንግስቴ የባለቤቴ አባት ነው። እኔና አቶ አንተነህ በሦስተኛው ቤት እንገናኛለን። ይህን ሳላውቅ ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ፤ ዛሬ አውቄው ምን እንደማደርግበት አላውቅም።

አባታችን አፈር እስኪገቡ ድረስ ስሟ እንዳይነገር መስቀል አስይዘው አስማሏቸው። ወንድሜ ማሉ። ከኮሶ በር ሲመለሱ እኔ ቤት አደሩ። የማንገናኝ ሁለት ሰዎች እንዴት አንድ ዓይነት ስሕተት እንይዛለን ብዬ ጠየቅኳቸው። «አጋጣሚ ነው» አሉኝ። የተማሩት እሳቸው ናቸውና አመንኩ።

ስላመንኩም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጽዮንን ያጨኋት እኔ ነኝ። ሙሽራው አለሙ የአቶ መንግስቴ እህት የልጅ ልጅ ነው፤ መካነ ኢየሱስ መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ በእጄ እያለ የወንድሜ ልጅ ለባዕድ ለምን ትሄዳለች ብዬ ነው። ሽማግሌ ተላከ፤ አባታችን በዘጠና አንድ ዓመታቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። በግራና በቀኝ እጃቸው ቆጠሩ። ሦስተኛው አንጓ ላይ ሲደርሱ አልቆሙም። መምህር ደሳለኝ ከጎናቸው ተቀምጠው የአባታችንን ጣት ያዩ ነበር። አፋቸውን አልከፈቱም።

በሽማግሌው ፊት ያልከፈቱትን አፍ ላቦራቶሪው እንዲከፍትላቸው ፈለጉ። ሙሽሮች ሳይጋቡ የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀት ለቤተ ክርስቲያን ያቀርባሉና፣ ልጆቹን ይዘው ሄደው ከአለሙ አንድ ብልቃጥ ደም ለራሳቸው አስቀሩ። ጽዮን ተሸካሚ መሆኗን ቀድሞ ከተወሰደው ደሟ ያውቁ ነበር። አለሙ ነጻ ከሆነ ምንም ሳይናገሩ ይገላገላሉ፤ ተሸካሚ ከሆነ አንድ ሰበብ ፈልገው ሠርጉን ያፈርሳሉ። ላቦራቶሪ ሲደርሱ የዚያ ጂን ፕራይመር አልቋል። ከውጭ አዘዙ። ሦስት ወር ይፈጃል ተባሉ፤ ሠርጉ ግን አምስት ሳምንት ነበር የቀረው። ይራዘም ቢሉ ለምን መባሉ አይቀርም፤ ለምን ከተባለ ደግሞ አማረች ትነሣለች። አላራዘሙም።

ጥር 29 ቀን ተሠረገ። ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ሲስሙ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው መረቁ። ያን ምርቃት ሲሰጡ የአለሙ ደም ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። በዚህ ላይ ምን እንደምጽፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ፤ ስለዚህ እንዳለ ትቼዋለሁ።

ፕራይመሩ በሚያዝያ መጣ። አለሙ ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ። ጽዮን ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድሜ በዚያው ዓመት ላቦራቶሪውን ለቀው አርብ ገበያ ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ። ለምን ተዉት ስንላቸው ዓይኔ ደከመ ይሉ ነበር። የልጅ ልጃቸው ዓለምዬ በኅዳር 2015 ተወለደች። አባታችን በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በዘጠና ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ፤ መሐላው አበቃ። ወንድሜ ግን አሁንም አልተናገሩም። ከአራት ሦስቱ ዕድል ደኅና መሆኗ ነው እያሉ ራሳቸውን ያጽናኑ እንደነበር ኋላ ነግረውኛል። ደብተራቸው ላይ «ተሸካሚ» ለሚለው ቃል ከብዙ ዓመት በፊት በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፉት ትርጉም አለ፦ «ሳይታመም ሕመሙን ለልጁ የሚያስተላልፍ ሰው፤ ስለማያውቅ አይፈረድበትም።» ከሥሩ በጥቁር እስክሪብቶ «ካወቀስ?» የሚል ተጨምሯል።

መምህር ደሳለኝ ከነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታመሙ። ባሕር ዳር ተመርምረው የጉበት ካንሰር ተባለ፤ ጊዜው ስላለፈ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በጥር ወር ጽዮን ልጇን ይዛ ልታስታምማቸው መጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓለምዬ አልጋቸው ሥር ስትጫወት ወደቀች። ስትነሣ ሁለት እጇን ጭኖቿ ላይ ተከለች። ዞር ብዬ ሳያቸው እሳቸውም እኔን ያዩኝ ነበር። ጽዮን ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሁሉንም ነገሩኝ።

ሦስት ቀን አልጠየቅኳቸውም። በአራተኛው ቀን አጥሚት ይዤ ሄድኩ፤ ወንድሜ ናቸው። ጽዮንንና አለሙን አስጠርተው በራሳቸው አንደበት ነገሯቸው። አለሙ እንደተቀመጠ ቀረ፤ ጽዮን ልጇን አዝላ ወጣች። ከዚያ በኋላ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸው ነበር፤ አታናግራቸውም ነበር። የዓለምዬ ደም እሳቸው ብቻ በሚያውቁት ሰው በኩል ተልኮ የካቲት 6 ቀን መልሱ መጣ። ከአባቷም ከእናቷም የተሳሳተውን ወርሳለች። ደብተሩን ከፊት እስከ ኋላ አገላብጫለሁ፤ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ቃላት ለዚህ ሕመም መድኃኒት የሚሆን አንድም የለም።

መምህር ደሳለኝ ይበልጣል በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ሐሙስ የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አዲስዓለምን፣ ልጆቻቸውን ጽዮንንና ማቴዎስን፣ የልጅ ልጃቸውን ዓለምዬን፣ እኔንም ትተው ሄደዋል። አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ያስተማሯቸው ተማሪዎቻቸው ዛሬ በገበያ ቀን ሥራቸውን ትተው ስለሸኟቸው ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ከእስቴ የመጣችሁ የአማረች ወገኖች፣ ከስማዳ የመጣችሁ የአንዳርጌ ወገኖች፣ ሥጋችሁ አንድ ነው። ከመካከላችሁ ለፋሲካ ማግስት የተጫጩ ሁለት ጥንዶች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ከዚህ ስትመለሱ እንደገና ቁጠሩ፤ ተመርመሩም። የት እንደምትመረመሩ ግን ልነግራችሁ አልችልም፤ ያን የሚያውቁት አሁን የምንቀብራቸው ናቸው።

ይህን ጽሑፍ ሳይታተም ጽዮን አንብባዋለች። ስለ ልጇ ያለው እንዲነበብ የፈቀደችውም እሷ ናት። መጨረሻው ላይ እንደ ወጉ፣ ቤተሰባቸው ሁሉ ይቅር ብሎ ሸኝቷቸዋል ብዬ ጽፌ ነበር። «እትዬ፣ እሱን ሰርዢው» አለችኝ። ሰርዤዋለሁ። እኛ ያልቻልነውን እግዚአብሔር ችሎ ነፍሳቸውን ይማር።